የሆድ እርሾ

ቡናው በረካ ላይ ደርሷል። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አክስቴ ሳሎን። ሐኪሟ ያለችውን ለቤተ ዘመድ የማስረዳው እኔ ነኝ። «በሽታው ለሦስተኛ ጊዜ ስለያዛት አሁን የሚሰጧት ከጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር የተዘጋጀ መድኃኒት ነው» አልኩ። ስኒው ሁሉ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ የባሏ ወንድም ልጅ፣ ሰፈሩ በተረብ የሚያውቀው፣ ጉሮሮውን ጠረገና «ለዚህ ነው እንዴ የምትንከራተቱት? እኔ በየጠዋቱ በነጻ እሰጣት የለም እንዴ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አክስቴ ነጠላዋን እስከ አፏ ስባ ተነሣች። መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

ለተራቢው ወዲያው የመለስኩለት አጭር ነበር፦ «አንተን መች ይቀበሉሃል? ለዚህ ከመቶ አመልካች የሚያልፈው ሦስትና አራት ሰው ነው!» ሳቁ ወደ እሱ ዞረ። የተዘጋው በር ግን አልተከፈተም። ስለዚህ የቀረውን መልሴን እዚህ ልጨርሰው። እሱም ያነብበዋል፤ አብረውት የሳቁትም ያነብቡታል።

ሦስትና አራቱ እውነት ነው። በፈረንጆቹ 2012 ቦስተን አጠገብ ኦፕንባዮም የሚባል የዓይነ ምድር ባንክ ተቋቋመ። የደም ባንክ እንዳለ ሁሉ። ለጋሹ ለአንድ ጊዜ 40 ዶላር ይከፈለው ነበር፤ ገንዘቡን የሰማ ሁሉ ተንጋግቶ መጣ፤ ያለፈው ግን ጥቂት ነው። ረጅም መጠይቅ አለ፤ የደም ምርመራ አለ፤ የሰገራ ምርመራ አለ። ከመጠን በላይ የወፈረ ይቀራል። ነባር የአንጀት ሕመም ያለበት ይቀራል። በቅርቡ አንቲባዮቲክ የወሰደማ ከደጃፉ ይመለሳል። እና አንተ ወንድሜ፣ ጉንፋን በነካህ ቁጥር ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣ አሞክሳሲሊን እንደ ቆሎ የምትቆረጥመው ሰውዬ፣ ምርመራው ጋ ሳትደርስ መጠይቁ ላይ ትወድቃለህ።

አክስቴን የጣላት ጥርስ ነው። ድዷ አበጠ፤ ክሊንዳማይሲን የሚባል እንክብል ለአሥር ቀን ታዘዘላት፤ ድዷ ዳነ። ያዘዘላት ክሊኒክ «ሆድሽን ትንሽ ሊረብሸው ይችላል» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልጨመረም። በስምንተኛው ቀን ተቅማጥ ጀመራት። በቀን አሥር ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ። አንዷ ዘመድ «አሜባ ነው» አለች፤ ሌላዋ «ምች ነው» አለች፤ አንዱ ከአገር ቤት ቲኒዳዞል አስላከ። ሁለቱም አልነበረም። ሆስፒታል ስትደርስ ስሙ ተነገረን፤ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል። እዚህ ዋሽንግተን ዙሪያ በነርስነት የሚሠሩ ልጆቻችን በአጭሩ «ሲ-ዲፍ» ይሉታል፤ ብዙዎቹ ገና ከክፍሉ በር ላይ በጠረኑ ብቻ እንለየዋለን ይላሉ።

«ዲፊሲል» ማለት አስቸጋሪ ማለት ነው። በ1935 ከአራስ ሕፃናት ዓይነ ምድር ላይ ሲያገኙት ቤተ ሙከራ ውስጥ አላድግ ብሎ ስላስቸገራቸው ያወጡለት ስም ነው። የአንቲባዮቲክ ተቅማጥን የሚያመጣው እሱ መሆኑ የታወቀው ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1978 አካባቢ ነው። እንግዲህ ይህ አስቸጋሪ በ2011 አሜሪካ ውስጥ ብቻ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አሞ፣ 29 ሺህ ያህሉ በአንድ ወር ውስጥ ሞተዋል። የምትስቁበት በሽታ ይህ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። አንድ ሰው 38 ትሪሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ተሸክሞ ይኖራል፤ አብዛኛው ያለው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። ምግብ ያብላላሉ፣ ቪታሚን ይሠራሉ፣ ከሁሉ በላይ ቦታ ይይዛሉ። አንቲባዮቲክ ሲመጣ ወዳጅ ከጠላት አይለይም፤ የድድን ጠላት ሲያሳድድ የሆድን መንደር አብሮ ያቃጥላል። ሲ-ዲፍ የሚፈልገው ያንን ወና መንደር ነው። ገብቶ ሁለት ዓይነት መርዝ ይረጫል፤ የአንጀቱን ግድግዳ ያቆስለዋል።

መድኃኒት አለው፤ በአፍ የሚወሰድ ቫንኮማይሲን። አክስቴ ወሰደች፤ ተቅማጡ ቆመ። «ተመስገን» ብለን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰ። ደግማ ወሰደች፤ ቆመ፤ ተመለሰ። ምክንያቱም ይህ ተህዋሲ ነገር ሲከፋበት ስፖር የሚባል ጠንካራ ዘር ሆኖ ይተኛል። ቫንኮማይሲን የነቃውን ይገድላል፤ የተኛውን አይነካውም። ይባስ ብሎ እያንሰራራ የነበረውን ደግ ባክቴሪያ መልሶ ይመታዋል። መድኃኒቱ ሲቆም ዘሩ ይነቃል፤ መንደሩ አሁንም ወና ነው። ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ ከአምስት ታማሚ አንዱ ገደማ ይመለስበታል፤ አንዴ ከተመለሰበት ደግሞ ዳግም የመመለሱ ዕድል እየጨመረ ይሄዳል።

ተረቡን ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር እዩልኝ፤ እጇን። ስታጥን እጇን አንሥታ ሳያት የወርቅ አምባሯ ከአንጓዋ ተነሥቶ ክርኗ ላይ አረፈ። ያ አምባር ድሮ በሳሙና ነበር የሚወልቀው። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ተወች፤ «ቅዳሴ መሐል ቢመጣብኝስ?» እያለች። ማኅበሯን ተወች። ሰው ቤት ስትገባ ከሰላምታ ቀጥሎ ዓይኗ የሚፈልገው ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ነው። ከቤት የምትወጣበት ቀን ከዋዜማው ጀምሮ አትበላም። ልጇ የልጅ ልጆቿን ይዞ ሊጠይቃት የመጣ ዕለት ተንበርክካ ሽንት ቤቱን በበረኪና ስትፈትግ አገኘኋት። በነገራችን ላይ ትክክል ነበረች፤ ያንን ዘር በረኪና እንጂ ዲቶል አይጨርሰውም። የእጅ ማጽጃ አልኮልም ምንም አያደርገው፤ እጅ በውኃና በሳሙና በደንብ መታሸት አለበት።

ይህን ሁሉ ለሰባት ወር ለማንም አልተናገረችም። «ሆዴን ትንሽ ይቆርጠኛል» ነበር የምትለው። አማርኛችን ጨዋ ነው፤ «ውጭ ልውጣ»፣ «ሜዳ ልውጣ» ብሎ ይሸፍናል። እኔም ጨዋነቱን እወደዋለሁ። ነገር ግን ሰው ስለ ሆዱ ለሐኪሙ እንኳ ተናግሮ መጨረስ ካቃተው፣ ሽፋኑ ከነጠላነት አልፎ መግነዝ ሆኗል።

ያን ቅዳሜ በሩን ቆርቁሬ ገባሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እትዬ፣ አገር ቤት ሳለሽ ሊጥ አልቦካ ሲልሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

«እርሾ እለምናለሁ እንጂ ምን አደርጋለሁ?»

«ከማን?»

«ሊጧ ከማይበላሽባት ሙያተኛ ጎረቤት ነዋ!»

«ሐኪሟም ያለችሽ ይህንኑ ነው።»

ብዙ ቆየች። የነጠላዋን ጥለት ስትጠቀልል፣ ስትፈታ ቆየች። ከዚያ «ጎረቤቲቱ ማን ናት?» አለችኝ።

ማንነቷ አይነገርም፤ ግን ደሟም ሰገራዋም ተመርምሯል አልኳት። «ይሁና» አለች። ከሁላችን ቀድማ የገባት እሷ ናት። እስቲ አስቡት፤ እርሾ ምንድን ነው? ትናንት የቦካ ሊጥ ላይ የተንሳፈፈ ቢጫ ውኃ ነው። ሲያዩት አያምርም፤ ሲያሸቱት ይኮመጥጣል። ውስጡ ግን በሕይወት ያለ ነገር ሞልቶታል። አንድ ኩባያ ጨምረሽ ከድነሽው ታድሪያለሽ፤ ሊጡ ኩፍ ይላል። ቡሃቃውን በበረኪና የፈተገችው ሴት የእርሾዋን ዘር አጥፍታለች፤ የፈለገችውን ያህል ምርጥ ማኛ ጤፍ ብታመጣ ሊጧ ከመሻገት አይተርፍም። አንቲባዮቲክ የአክስቴን ሆድ ያደረገው እንዲህ ነው። ሐኪሟ የምትለው፣ ጎረቤት ጋ ሄደን አንድ ኩባያ እንለምን ነው።

ተራቢው ከሳሎን ሆኖ «እርሾና አር አንድ ነው እንዴ?» አለ። ይህንን ደግሞ በደንብ እንመልሰው።

አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ቁርጥህን በሐሞት እያጠቀስክ የምትበላ ሰው ነህ። ሐሞት የት እንደሚሄድ ታውቃለህ? ወደ አንጀት። እዚያ ሲደርስ ደጎቹ ባክቴሪያዎች ይቀይሩታል። ያልተቀየረው ሐሞት የሲ-ዲፍን ዘር ከእንቅልፉ ይቀሰቅሳል፤ የተቀየረው ግን እንዳያድግ ያፍነዋል። የአክስቴ ሐሞት የሚቀይረው አጥቶ ለጠላት መቀስቀሻ ደወል ሆኗል። ከጤነኛ ሰው የሚመጡት ባክቴሪያዎች ከሚሠሩት ሥራ አንዱ ሐሞቷን መልሶ ማኮስተር ነው። አገራችን ደፋሩን «ሐሞተ ኮስታራ» ትላለች፤ ሰባት ወር ያንን ሕመም ብቻዋን የተሸከመችን ሴት ምን ብላ እንደምትጠራት አንተ ንገረኝ።

«ይሸታል» ብሎ አፍንጫውን የያዘም ነበር። ሽቶ ተቀብቶ የመጣ ነው። እሱን ስለ ዝባድ ልጠይቀው። ከጅማና ከከፋ በኩል በቀንድ እየታሸገ ወጥቶ ስንት ዘመን የፓሪስ ሽቶ ቤቶችን ያገለገለው ዝባድ ከየት የሚወጣ ይመስልሃል? ከጥርኝ። ከጥርኝ ከየቱ በኩል? ከኋላው፣ ከፊንጢጣው አጠገብ ካለ ዕጢ። ገበሬው ጥርኙን በጠባብ ጎሬ አስሮ፣ እየቀለበ፣ ቅባቱን በማንኪያ እየፋቀ ያወጣዋል። የወይዛዝርት አንገት ላይ ሲደርስ «አቤት ጠረን!» ተባለ። ለማጌጥ ሲሆን ከጥርኝ ኋላ የመጣውን አንገታችን ላይ ስንቀባ ኖረን፣ ለመዳን ሲሆን ከሰው የመጣው ነውር ይሆናል?

ማርም ንብ ሆዷ ውስጥ ይዛው መጥታ የምትተፋው ነው፤ በበዓል እርስ በርስ እንጎራረሰዋለን። የተወለድንበትን ቤት ወለል እናቶቻችን በእበት እየለቀለቁ ነው ያሳደጉን፤ ኩበቱ ነው እንጀራችንን ያበሰለው። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ የሰጣቸውን የኮሶ ትል ለማስወጣት ኮሶ ጠጥተው ቀኑን ሙሉ ውጭ ሲመላለሱ ይውሉ ነበር፤ «ዛሬ ኮሶ ጠጥቻለሁ» ብሎ ማስነገር ወግ እንጂ ውርደት አልነበረም። ስለ ሆድ ማፈርን ከእነሱ አልወረስነውም።

«የፈረንጅ ጉድ ነው፣ አዲስ ፋሽን» ያለችው ደግሞ የአክስቴ ጓደኛ ናት። እሷን በአክብሮት ነው የምመልሳት፤ ስትፈራ ነው የተናገረችው። እትዬ፣ ውርንጭላ ተወልዶ በሳምንታት ውስጥ የእናቱን ፋንድያ ሲበላ አላዩም? ገበሬ ሁሉ ያየዋል። የእንስሳት ሐኪሞች ሣር የሚያብላላ ባክቴሪያ የሚያገኝበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው ይላሉ። ቻይና ውስጥ በ4ኛው መቶ ዘመን የኖረ ጌ ሆንግ የሚባል ሐኪም፣ ምግብ ለመረዘውና ተቅማጥ ለጣለው ሰው የሰው ዓይነ ምድር በጥብጦ ማጠጣትን መድኃኒት ብሎ ጽፎታል። በ1958 ደግሞ ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ውስጥ ቤን አይስማን የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም አራት ሕመምተኞች አንቲባዮቲክ ባመጣው የአንጀት ቁስለት ሊሞቱበት ሲሉ፣ የጤነኛ ሰው ዓይነ ምድር በውኃ በጥብጦ ከታች ሰጣቸው። አራቱም ዳኑ። ጽሑፉን አወጣ፤ ሆኖም ለብዙ ዓመታት ዞር ብሎ ያየው ጥቂት ሰው ነው። ያኔም የከለከለው መጸየፍ ይመስለኛል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የሞተው ሰው ሁሉ ሳይታወስ ነው እንግዲህ እኛ ቡና ጠጥተን የምንስቀው።

አሁን አምስተርዳም እንሂድ፤ ነገሩ እዚያ ነው የተቆረጠው። ሐኪሞቹ ሲ-ዲፍ እየተመላለሰ ያሠቃያቸውን ሰዎች በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። አንደኛው ወገን ጥቂት ቀን ቫንኮማይሲን ወስዶ፣ አንጀቱ ታጥቦ፣ የለጋሽ ዓይነ ምድር በውኃ ተበጥብጦና ተጣርቶ በአፍንጫ በገባ ቀጭን ቱቦ ትንሹ አንጀቱ ውስጥ ተንቆረቆረለት። ሁለተኛው ቫንኮማይሲን ብቻ ወሰደ። ሦስተኛው ቫንኮማይሲንና የአንጀት እጥበት። ዕቅዱ 120 ሰው ነበር። 43 ሰው ላይ ሲደርሱ ጥናቱን አቆሙት።

ለምን አቆሙት? ልዩነቱ ዓይን ያወጣ ስለነበር ነው። ዓይነ ምድር ከተሰጣቸው 16 ሰዎች 13ቱ በአንድ ጊዜ ዳኑ። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ ከሌላ ለጋሽ ተደግሞላቸው ዳኑ። ቫንኮማይሲን ብቻ ከወሰዱት 13 ሰዎች የዳኑት 4 ናቸው፤ ከእጥበት ጋር ከወሰዱት 13 ሰዎች 3። እንዲህ እያዩ የቀሩትን በዕጣ ወደ ደካማው ሕክምና መላክ ግፍ ይሆን ነበር። በቀሩት ሁለት ወገኖች ሆነው በሽታው የተመለሰባቸውን 18 ሰዎች ጠርተው ዓይነ ምድሩን ሰጧቸው፤ 15ቱ ዳኑ። ይህ በጥር 2013 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲሲን ላይ ወጣ። እኔ ይህን ወረቀት ሳነብ «18ቱን ጠርተው» የሚለው ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ያን ስልክ የተቀበለውን ሰው አስባለሁ። ስንት ወር ሽንት ቤት በር ላይ የኖረ ሰው ነው፤ የሚነገረው መድኃኒት ምን እንደሆነ ሲሰማ የሳቀ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ደግሞ በሌላ በኩል የመጣውን ልመልስ። የአክስቴ የእህት ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ስልኩን አውጥቶ «እኔ ቪዲዮ አይቻለሁ፤ በብሌንደር ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ለጋሽ እኔ እሆናለሁ» አለ። ልቡ ወርቅ ነው፤ እጁ ግን ከብሌንደሩ ይራቅ። በሰኔ 2019 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ የሰውነት መከላከያቸው የደከመ ሁለት ሕመምተኞች ለምርምር ከአንድ ለጋሽ በተዘጋጀ ዓይነ ምድር፣ ብዙ አንቲባዮቲክ የማይበግረው ኢ ኮላይ ተላልፎባቸው አንዱ ሞቷል። ለጋሹ ጤነኛ ይመስል ነበር፤ ምርመራው ያንን ተህዋሲ አልፈተሸም ነበር። ከዚያ ወዲህ ይፈተሻል። ሐኪም ቤት ውስጥ፣ ተመርምሮ፣ ይህ ካለፈ፣ ወጥ ቤት ውስጥ በብሌንደር የሚሆነውን አስበው የኔ ወንድም።

ደግሞ ይህ የሁሉ ሆድ መድኃኒት አይደለም። ለጃርዲያ አይደለም፣ ለአሜባ አይደለም፣ ለታይፎይድ አይደለም። «ያከሳል»፣ «ስኳር ያጠፋል» እያለ የሚሸጥ ካለ ጥያቄ ሳትጠይቁ ጥላችሁት ሂዱ። እስራኤል ውስጥ ሺባ ሕክምና ማዕከል የቆዳ ካንሰር ሕክምና እምቢ ያላቸውን አሥር ሰዎች በዚህ ሞክሮ ሦስቱ ላይ ለውጥ ማየቱን በ2021 አሳትሟል፤ ተስፋ ነው፣ ምርምር ነው። በርግጠኝነት ሐኪም «ውሰዱ» የሚለው ግን እየተመላለሰ ላስቸገረ ሲ-ዲፍ ነው። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪው ናይስም በ2022 እንዲሰጥ የመከረው ለዚሁ ነው።

የሰፈሩ ሽማግሌ ጥግ ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ቆይተው «ልጄ፣ ይህ ነገር አያረክስም ወይ?» አሉኝ። እሳቸው አልሳቁም ነበር፤ ጥያቄያቸውም የልብ ጥያቄ ነው። «አባባ፣ የሃይማኖቱን እርስዎ ያውቃሉ፤ እኔ የእንክብሉን ልንገርዎ» አልኳቸው። የተመረመረ ለጋሽ የሰጠው ዓይነ ምድር በአልኮል ይታከማል። አልኮሉ አብዛኛውን ተህዋሲ ይፈጀዋል። የሚተርፈው ስፖር የሚሠራው ነው፤ እነዚያ ደጎቹ ናቸው። ያ የተጣራ ዘር በእንክብል ይታሸጋል። አያችሁ? ሲ-ዲፍ የእጅ ማጽጃ አልኮልን አልፎ ሕመምተኛ የሚያሠቃየው ስፖር ስለሚሠራ ነው፤ ወዳጆቹም የአልኮሉን መታጠቢያ አልፈው የሚደርሱት በዚያው ችሎታ ነው። ጠላት የተመካበትን ጋሻ ለወዳጅ አስታጠቁት። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው «ነፍስ የሚያድን ከሆነ እንግዲያው ትዋጠው» አሉ። ቤቱ ውስጥ ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

እንክብሉ ቫውስት ይባላል፤ በሚያዝያ 2023 ነው የተፈቀደው። ከእሱ ቀድሞ በኅዳር 2022 ሬቢዮታ የተባለ፣ ከታች በቱቦ የሚሰጥ ተፈቅዶ ነበር። ቫውስት በ182 ሰዎች ላይ ሲፈተሽ፣ በስምንት ሳምንት ውስጥ በሽታው የተመለሰባቸው ከመቶ 12 ሲሆኑ፣ ባዶ እንክብል ከዋጡት ግን ከመቶ 40 ናቸው። አወሳሰዱ፣ መጀመሪያ ሲ-ዲፉ በአንቲባዮቲክ ይመታል፤ በዋዜማው አንጀት የሚያጥብ መጠጥ ይጠጣል፤ ከዚያ በባዶ ሆድ፣ ከቁርስ በፊት፣ በቀን አራት እንክብል፣ ለሦስት ቀን። አሥራ ሁለት እንክብል፣ አለቀ።

ዋጋውን ስሰማ ግን እኔ ራሴ ተቀመጥኩ። በ2023 ገበያ ሲወጣ ለአሥራ ሁለቱ የተቆረጠው ዋጋ 17,500 ዶላር ነበር። ሰው በየቀኑ ውኃ ለቆ የሚሸኘው ነገር! ምርመራው፣ ማጣራቱ፣ ጥናቱ ገንዘብ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። ቢሆንም ከሰው ሆድ በለጋሽነት የወጣ ነገር ለደሃ ሆድ እንዳይመለስ በዋጋ መታጠሩ ያንገበግበኛል። ኢንሹራንሳችን ፈቃድ ለመስጠት ሦስት ሳምንት አንከራተተን፤ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከፎርም ወደ ፎርም። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት አክስቴ አራት ኪሎ ቀነሰች። ተረብህን የምታባክንበት ቦታ ከጠፋህ፣ ወንድሜ፣ ይኸውልህ፤ እዚያ ላይ ልቀቀው፣ እኔም አግዝሃለሁ።

አገር ቤት ላላችሁትም አንድ ቃል። እንክብሉ አጠገባችሁ የለም፤ በሽታውን የሚለየው ምርመራም በየጤና ጣቢያው አይገኝም። አንቲባዮቲኩ ግን በየመንደሩ መድኃኒት ቤት አለ፤ ያለ ወረቀትም ይሸጣል። ለጉንፋን ሲፕሮ፣ ለጉሮሮ አሞክሳሲሊን፣ ቁስል ላይ እንክብል ፈትቶ መነስነስ፣ የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ የሚነካው ሆዳችሁ ውስጥ ያለውን እርሾ ነው። ሐኪም መርምሮ ሲያዝላችሁ ግን ያዘዘውን በትክክል ውሰዱ፤ ያ ሌላ ነገር ነው። እናንተ ሳትጠይቁ የገዛችሁትን ነው የምለው። አንቲባዮቲክ ከወሰዳችሁ በኋላ፣ ሳምንታት ቢያልፉም እንኳ፣ በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ የሚመላለስ ተቅማጥ ከያዛችሁ ለሐኪሙ «ይህን መድኃኒት ወስጄ ነበር» ብላችሁ ስሙን ንገሩት። አክስቴ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር በጊዜ ብትናገር ኖሮ ሁለት ወር ይቀንስላት ነበር።

ዋጠቻቸው። ሦስት ጠዋት፣ አራት አራት። በመጀመሪያው ጠዋት እንክብሉን መዳፏ ላይ አድርጋ በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ አየችው፣ አማተበችና በውኃ ላከችው። «ምን ምን አለሽ?» ብላት «ምንም» አለች። በሁለተኛው ሳምንት ተቅማጡ በሚመለስበት ቀን ሁላችንም ስልካችንን ይዘን ተቀምጠን ነበር። አልተመለሰም። በስምንተኛው ሳምንት ቅዳሴ እስከ መጨረሻ ቆማ ወጣች። ዛሬ አሥረኛው ሳምንት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ጠራችን። ሰባት ወር ሳትጋግር እርሾዋ ደርቆ ሞቶ ስለነበር፣ ፎቅ ላይ ከምትኖረው ሴት አንድ ኩባያ ለምና ሊጧን አቡክታለች። ተራቢውም መጣ። ሁለት እንጀራ ጨርሶ ሦስተኛውን ሲጀምር ከፍ አድርጎ ወደ ብርሃኑ ያዘና «እትዬ፣ ይህ ዓይን ያለው ነገር! እርሾውን ከየት አመጣሽው?» አላት።

አክስቴ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«የሰው ነው፤ ዝም ብለህ ብላ!»